ሳልሰማ ያወጣሁት እጅ

ዛሬ ሰቆጣ፣ በቀበሌያችን ምክር ቤት ስብሰባ ላይ፣ የሰፈሬን የቦኖ ውሃ በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠሁ።

ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ስለ ሰርግ ሳወራ ሁሉም እጁን አወጣ፤ እኔም አወጣሁ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ።

አጨበጨብኩም። (በጭብጨባስ ማንም አይደርስብኝም!)

ቦኖው ወደ ገበያው በር እንዲዛወር መወሰናችንን ያወቅሁት ስወጣ ነው።

የምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የለውም። ሥራው የመረጠህን ሰው ችግር ሰምቶ መናገር ነው። እኔ እሱንም አልቻልኩም።

ጎረቤቴ እትየ ለምለም ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ ጀሪካናቸውን ይዘው መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አንተ ምን አልክላቸው?»

«እጄን አወጣሁ።»

«እኔም አንተን ስንመርጥ እጄን አውጥቼ ነበር» አሉኝ። «እኔስ አስቤበት ነው።»

ጀሪካኑን ልሸከምልዎት ብል እምቢ አሉ።

እስኪ እናንተም ሳትሰሙ ያጨበጨባችሁበትን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።