የኮርቻ ፈተና በገዳሪፍ

ሰው ሲሰደድ በሌሊት ነው የሚወጣው ይባላል፤ እኛ ግን ከደብረ ታቦር የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊቱ የጣሊያን ነበር። ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ ሽፍታ ተብሎ ስለሚተኮስበት፣ እኔና ባለቤቴ እጅጉ የገበያውን ቀን ጠብቀን፣ እሱ ሁለት ኮርቻ በአህያ ጭኖ፣ እኔ ጌሾ በእንቅብ ተሸክሜ፣ ወደ ይፋግ ከሚወርደው ገበያተኛ ጋር ተቀላቀልን። የተዘጋ ቤት ያስጠረጥራል ስላለኝ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ድስቱን ምድጃ ላይ ትቼ ነው የወጣሁት። የሽሮውን ሽታ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ የሸተተኝ ይመስለኛል፤ እርግጥ ሊሸት አይችልም።

ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አስቆመን።

«የት ነው?»

«ይፋግ» አለ እጅጉ።

«ኮርቻው የማን ነው?»

«እስኪሸጥ የኔ ነው፤ ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቀው የገዛው ነው።»

ባንዳው ሳቀና አሳለፈን። እጅጉ እንዲህ ነው፣ ሲጨንቀው ይቀልዳል። ፊት ለፊት አንቱ የምለውን ሰው እዚህ እሱ እያልኩ የምጽፈው ዓረፍተ ነገሩ እንዳይረዝምብኝ ነው እንጂ ክብሩ ጠፍቶኝ አይደለም።

እጅጉ የጋፋት ሰው ነው፤ ኮርቻ መሥራት ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። ጣሊያኖች እንደገቡ የእጅ ሙያ ያለው ሁሉ ቀርቦ ይመዝገብ ብለው ለበቅሎዎቻቸው ኮርቻ እንዲሠራ አዘዙት። ቀን ለነሱ ይሠራል፣ የተረፈችውን ጊዜ ደግሞ ዱር ለገቡት አርበኞች ይሠራል። ይህን አንድ ሰው ነገረበት። የነገረበት ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዘመዶቹ ይህን ያነቡ ይሆናልና ልተወው።

መንደሩ የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ ነበር። እንጨቱን የሚጠርበው፣ ቆዳውን የሚያለፋው እጅጉ ነው፤ ስፌቱ ግን የኔ ነበር። ሴት የሰፋችው ኮርቻ ገዢውን ስለሚቀፈው እኔ ጓዳ ውስጥ እሰፋለሁ፣ እሱ ደጅ ላይ ምስጋናውን ይቀበላል። አልከፋኝም። ስፌቱ ቀጥ ካለልኝ ይበቃኝ ነበር።

ይፋግ ላይ አህያውንና አንዱን ኮርቻ ሸጥን። ሌላውን እጅጉ በጀርባው አዝሎ በሐይቁ ዳር፣ በደምቢያ አድርገን ወደ ጭልጋ ሄድን። ጭልጋን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ እንደ ገንፎ ወፈረብን። የጉናን ብርድ ስረግም የኖርኩ ሴት፣ መተማ ስደርስ ያንን ብርድ በአንድ ጋቢ ሙሉ ቢያመጡልኝ እጃቸውን እስም ነበር። ድንበሩን ተሻግረን ከብዙ መንገድ በኋላ ገዳሪፍ ገባን።

ለምትመጡ ሁሉ የገዳሪፍን ሕግ በትክክል ልጻፍላችሁ፤ በወሬ የሚደርሳችሁ ተጣሞ ነውና። እንግሊዞቹ ሙያ ያለውን ስደተኛ ይፈትኑታል። ካለፈ የከተማ ፈቃድ ይሰጡታል፤ በመንግሥት ሥራ ቤት ይሠራል፣ ቤት ተከራይቶ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ሙያ የሌለው ወይም በፈተናው የወደቀ ከከተማው ውጭ ወዳለው ካምፕ ይወሰዳል። እዚያ ወንዱና ሴቱ በየአጥሩ ነው፤ ንዳድ ግን አጥር አያውቅም። ስለዚህ እኔና እጅጉ አብረን ለመኖር ያለን ተስፋ ያቺ በጀርባው አዝሎ ያመጣት ኮርቻ ነበረች።

ፈተናውን ስንጠብቅ ሐጃ የምትባል መበለት ዘንድ ቤት ጠየቅን። መተማ የኖረች ስለሆነች አማርኛ ትሰባብራለች።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«እየጠበቅን ነው፣ እመት» አልኳት።

«እንግዲያው ከቤቱ ውጭ ጠብቁ።»

ግቢዋ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አንገረብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ ዘረጋችልን። ኪስራ የሚሉትንም አቀመሰችን። እንጀራ ነው እንዳልል ዓይን የለውም፣ አይደለም እንዳልል ይኮመጥጣል። ከአገሬ ሳልርቅ የራቅሁ መሰለኝና ጎርሼ አለቀስኩ። ሐጃ በርበሬ አቃጥሏት ነው ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

የፈተናው ቀን ረቡዕ ዋለ። ፈታኙ ፊቱ ፀሐይ ያቀላው እንግሊዝ መኮንን ነው፤ አስተርጓሚው ዮሐንስ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው። በቅሎ ቀረበች። እጅጉ ኮርቻውን ጫነና ጠፍሩን በቀኝ በኩል አጠበቀ። መኮንኑ በግራዋ ሄዶ ቆመ።

«በዚህ በኩል ነው» አለ እጅጉ ወደ ቀኝ እያሳየ።

ዮሐንስ ተረጎመ፣ መልሱንም አመጣ። «በቅሎ የሚወጣው በግራ ነው ይላል።»

«በግራ እጁ ጋሻ ይዞ በግራ እንዴት ይወጣል?»

«ጋሻ የለኝም ይላል።»

«ይሄንማ አይቻለሁ» አለ እጅጉ።

የኛ እርካብ እንደምታውቁት የእግር አውራ ጣት የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ናት። መኮንኑ ደግሞ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጫማ አድርጓል። የጫማውን አፍንጫ ቀለበቷ ውስጥ ሊያስገባ አንድ እግሩን ሲያነሣ በቅሎዋ ዞረች፤ እሱም በአንድ እግሩ እየነጠረ አብሯት ዞረ። ማንም አልሳቀም። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር።

«ጫማውን ያውልቅ» አለ እጅጉ።

ዮሐንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ከተረጎምኩ ሦስታችንም ካምፕ ነን» አለው።

መኮንኑ ወረደ ልል ነበር፤ አልወጣም እንጂ። ላቡን ጠረገና አጭር ነገር ተናገረ። ዮሐንስም «ወድቋል» አለን፣ ወደ እጅጉ ሳያይ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ እንግሊዙን ይረግምልኛል። መኮንኑ ግን አልበደለንም። ለጫማ ለባሽ ወታደር የሚሆን ኮርቻ ፈለገ፤ ያመጣንለት ለባዶ እግር ፈረሰኛ የተሠራ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ፣ ከጉና ማዶ ያለው ሰው በሌላ በኩል በቅሎ ይወጣል ብሎ ያሰበ አንዳችን እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ኮርቻውን ሲያነሡት መኮንኑ እጁን ስፌቱ ላይ አሳረፈ። ጎንበስ ብሎ አየው። በቢላው ጫፍ አንዱን ስፌት ቆረጠና ክሩን ሳበ፤ የቀረው አልተፈታም። እኔ በሁለት መርፌ ስለምሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

«ይህን ማን ሰፋው ይላል» አለ ዮሐንስ።

እጅጉ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ነኝ ቢል ስፋና አሳየን ይሉታል፤ ሲሰፋ ካዩት ደግሞ ይጋለጣል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ሚስቴ» አለ።

ስፌቱ የኔ መሆኑን በሰው ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ወዲያው ቆዳና ወስፌ አቀረቡልኝ፤ ክሩ ግን ከቤት ያመጣሁት ጅማት ይሁን አልኩ። መኮንኑ ሰዓቱን አውጥቶ ጀምሪ አለኝ። ጅማት ካልራሰ አይሰፋም፤ የሚርሰው ደግሞ በአፍ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነው። የበሬ ጅማት በጾም አፌ ውስጥ አላስገባም።

«ውኃ ስጡኝ» አልኩ።

ዮሐንስ ውኃ አስመጣልኝ። ጅማቱን ነከርኩና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«ለምን አትጠጪም ይላል።»

«የኔ አይደለም፣ የጅማቱ ነው። ጾም ነው በሉት።»

ዮሐንስ ረጅም ነገር አስረዳ። መኮንኑ አንዴ ውኃውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰዓቱን አየ።

«ጅማቱም ይጾማል ወይ ይላል።»

«የሚጾመው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

መኮንኑ ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ጅማቱ ሲለሰልስ ሰፋሁ። አንዱ ስፌት ሸሸብኝ፤ እሱም አየው፣ በጥፍሩ ነካ አድርጎ አሳየኝ። ሆኖም «አልፋለች» አለ።

አሁን ሌላ ጭንቅ መጣ። ዮሐንስ ከመኮንኑ ጋር ተነጋግሮ ወደኛ ተመለሰ።

«የባለሙያ ሚስት በባሏ ፈቃድ ትኖራለች። ስለ ባለሙያዋ ባል ግን ሕጉ ምንም አይልም ይላል።»

«ካላለ ይቆያላ» አልኩ።

«ካላለ ካምፕ ይሄዳል።» ቀጥሎ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ረዳት መያዝ ግን ትችያለሽ። ረዳት ከተማ ይቀመጣል።»

እጅጉ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ «ረዳቷ ነኝ በለው» አለ። «ከድሮም ነበርኩ፤ ያወቅሁት ዛሬ ነው በለው።»

መኮንኑ ወደኔ ዞረ። «ይህን ሰው ለረዳትነት ታምኚዋለሽ ወይ ይላል።»

«እሳቸው እኮ...»

«አዎ ወይም አይደለም ብቻ በይ ይላል።»

«አዎ» አልኩ።

ወደ ሐጃ ቤት ስንመለስ እጅጉ ከኋላዬ መሄድ ጀመረ። እንደ አገራችን ልማድ ልከተለው ቆም አልኩ፤ እሱም ቆመ።

«ይቅደሙ እንጂ» አልኩት።

«ረዳት ከኋላ ነው የሚሄድ።»

«ሰው ያያል።»

«የሚያየን የአገር ሰው ካምፕ ነው ያለው» አለ። እኔ ስቆም እሱ ሲቆም፣ አጭሩን መንገድ ጨርሰን ስንገባ ፀሐይ ጠልቋል። ያን ዕለት ሳቅን። ሐጃም ፈቃዱን ስታይ ከዛፉ ሥር ወደ ቤት አስገባችን፤ ውስጡ ከውጭው ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ለሰሚ የሚያስቀና ነው። በሥራ ቤቱ በሸራ ተከልሎ ለብቻዬ ቦታ ተሰጠኝ፤ የፈረስ ጠፍርና የጥይት ቀበቶ እሰፋለሁ። ከዳሞት የመጡ አንድ ስደተኛ መሪጌታ ከሥራ በኋላ ፊደል አስቆጠሩኝ፤ ሽበት ካበቀልኩ በኋላ ማለት ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት የገዛ ፈቃዴን ነው፤ ግርጌው ላይ በአማርኛ «ረዳት አንድ» ይላል። ስም የለውም።

እጅጉ ቆዳ ይሸከማል፣ ቆዳ ይነክራል። ሠራተኛው የሴትዮዋ ሰውዬ ይለዋል። መጀመሪያ እሱ ራሱ ይቀልድበት ነበር፤ ኋላ ቀልዱን ለሌሎች ተወላቸው። ማታ ይነሣል፣ ግቢውን ይዞራል፣ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ምን ሆኑ?» ስለው «ይሞቃል» ይላል። በብርዱ ወራትም ይሞቃል አለ።

አንድ ጠዋት ቆዳውን ሳይሆን ዱላውን አነሣ።

«ድንበሩን ተሻግረው ወደ አርበኞቹ የሚወጡ ልጆች አሉ» አለኝ። «እዚያ ኮርቻ የሚሠራ የለም።»

«ፈቃዱስ?» አልኩ።

«ፈቃዱ ያንቺ ነው። እግሩ ግን የኔ ነው።» ወዲያው ይህ ክፉ ቃል መሰለውና፣ «አንቺ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም። ተቀመጪ። እኔ ልይና» አለ። ሊያይ ሄደ።

ሥራ ቤቱ ረዳትሽ የት አለ ሲለኝ ታሞ ነው አልኩ። ሲደጋገም ዮሐንስ በሹክሹክታ፣ «ቦታውን ክፍት አድርጌ እይዝልሻለሁ፤ እንዳትገድይው እንጂ እስከፈለግሽ ታማሚ አድርጊው» አለኝ።

ከወራት በኋላ ሐጂ ሰይድ መጡ። የደብረ ታቦር ነጋዴ ናቸው፤ ጦርነቱን አልፈው በግመል ቡናና ሰም ያመላልሳሉ። ከሸራው ውጭ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እጅጉ ደህና ነው፣ እህቴ። ከጋፋት በላይ ካሉት አርበኞች ጋር ነው። እንጨቱን ይጠርባል፣ ቆዳውን ያለፋል። ስፌቱ ግን ቁልቁለት ላይ ይፈታል አለ። ሁለት ሰው ወድቆበታል።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ትምጣ፣ ወይም አልመጣም ትበለኝ፤ ዝም እንዳትለኝ አለ።»

እጄ ላይ ያለውን ስፌት ጨረስኩ። ወጥቼ ብሄድ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እጅጉን እዚያ ባጣው ወይ ጣሊያን ቢይዘኝ ወደዚህ መመለሻ የለኝም። ብቀር ደግሞ በኔ ስፌት ፋንታ የሚፈታው ስፌት አለ። «ፈቃዴ እስኪታደስ እቆያለሁ ብላለች ይበሉልኝ» አልኩ። ሐጂ እሺ ብለው ሄዱ።

መርፌው አልሄድ አለኝ። ነጠላዬን አንሥቼ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ፀሐይ። ግመሎቹን ጭነው ሲነሡ ደረስኩባቸው።

«ሐጂ፣ ያልኩትን ይተዉት። እመጣለሁ ብላለች ይበሉ።»

«እሺ።»

ጥቂት ሄጄ ተመለስኩ። «የለም፣ እሳቸው ይምጡ። ቦታው አልተያዘም ይበሉ።»

ሐጂ የግመሉን ገመድ እንደያዙ ቆሙ። «እህቴ፣ ግመሎቹ ተነሥተዋል። ከሁለቱ የትኛውን ይዤ ልሂድ?»

«ሁለቱንም ይያዙ» አልኩ። «ሲደርሱ ፊታቸውን አይተው የሚሻላቸውን ይንገሯቸው።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። እሱ በመንገድ ላይ ይሁን፣ እኔን እየጠበቀ ይሁን አላውቅም፤ የተነገረው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁምና። የሸራው ጫፍ በነፋስ በተነካ ቁጥር መርፌዬን ቆዳው ላይ ተክዬ እነሣለሁ።