ብቻዋን የማትበላው ልጅ

ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ አጸደ ሕፃናት ረዳት መምህርት ነኝ። ማስተማሩ የዋናዋ መምህርት ነው፤ አፍንጫ መጥረግ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ሽንት ቤት ማድረስና ምሳ ማብላት የእኔ ድርሻ ነው። ለስሙ ረዳት ይባላል እንጂ እኔ አንድ ቀን ብቀር ክፍሉ ገበያ ይሆናል።

ምሳ ላይ ማንም ከማንም ዕቃ እንዳይቀምስ ደንብ አለን። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙንም ክርስቲያኑ አይበላም፤ ጾም ሲገባ ደግሞ የቅቤና የወተቱ ጣጣ አለ። ስለዚህ ሁሉም በየራሱ ምሳ ዕቃ ላይ ያቀረቅራል፣ እኔም እንደ ዘበኛ በመካከላቸው እመላለሳለሁ።

ሁዳዴ እንደገባ ከዲንሾ የመጣች አንዲት ልጅ ተቀበልን። አማርኛ አትሰማም፤ እኔ ኦሮምኛ ስለማያቅተኝ በዚያ አልተቸገርንም። ያስቸገረን ምሳዋ ነው። ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። አባበልኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች! ከሰዓት በኋላ በዚያ ብርድ ባዶ ሆዷን ኩርምት ብላ ትቀመጣለች።

አባቷ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ነገም ካልበላች ሁለተኛ አላመጣትም። አጋርፋ እህቴ ጋ ትቆይ፤ ትምህርቱ ለከርሞ ይደርሳል» አለኝ።

«ቤት እንዴት ነው የምትበላው?» አልኩት።

«ከእኛ ጋር ነዋ! አንድ ትሪ ከበን ነው የምንበላው። ለብቻው የሚበላ ሰው አለ እንዴ?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ዘበኝነቴን ትቼ፣ ሽሮዬን ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ፊቷ በራ። ጨጨብሳዋን ከፍታ ቆንጠር አደረገችና ወደ አፌ ዘረጋችልኝ።

«ኛዹ» አለችኝ፣ ብዪ ማለቷ ነው።

ቅቤው በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ደንቡስ ይቅር፣ ጾሙን ምን ላድርገው?

«እኔ አሁን ቅቤ አልበላም፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ ብዪ» አልኳት በኦሮምኛ።

እጇ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን ቦታው መለሰችና ዕቃውን ከደነችው። እኔም ሽሮዬን ከደንኩት።

ማታ አባቷን በር ላይ ጠብቄ «በፈጠረዎት፣ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ» ብዬ ለመንኩት። እያጉረመረመ እሺ አለኝ።

ጠዋት እጇን ይዞ መጣ። ገና ሰላም ሳንባባል «እርስዎ ቅቤ አይበሉም እንዴ?» አለኝ። «እናቷ ምሳዋ ላይ ቅቤ ልታደርግበት ስትል ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። ቲቸር አትበላም ትላለች። ሁላችንንም ቁርሱን በዘይት አበላችን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ምን እናድርጋት!»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ እሷው ቀድማ አጠገቧ ቦታ ያዘችልኝ። ዕቃዋን ከፈተችና በዘይት የተለወሰውን ጨጨብሳ አጎረሰችኝ። እስክውጥ ድረስ አፌን ስታይ ቆየች። ስውጥ ለራሷ ቆንጠር አድርጋ በላች። ዕንባዬ መጣብኝ፣ ልጆቹ ፊት መደበቅም አልቻልኩም። እሷ ግን አላየችኝም፤ ጉንጯን ሞልታ እያኘከች ሌላ ጉርሻ እያዘጋጀችልኝ ነበር።