ከስንዴ በኋላ የተፈጨ ጤፍ

የእህቴ የአርባ ቀን ተዝካር ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ጤፉን በጋሪ አስጭኜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የገና ጾም ገብቷል። በኅዳር የደብረ ታቦር ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ከጤፉ ሌላ በፌስታል ሁለት ኪሎ በቆሎ ይዣለሁ። በቆሎው የሚበላ አይደለም። ድንጋዩን ማጠቢያ ነው።

ላስረዳ። እህቴ ስንዴ አይስማማትም ነበር። አይስማማትም ማለት እንኳ ያንሳል፤ ብናኙ ጭምር አንጀቷን ያቆስለው ነበር። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደግሞ የጤፉ ወፍጮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስንዴውም ጤፉም በአንድ ድንጋይ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን ጤፍ ሳስፈጭ መጀመሪያ በቆሎ አስገባለሁ። በቆሎው በድንጋዩ መሀል የቀረውን የስንዴ ዱቄት ጠራርጎ ይወጣል። እሱን ለጎረቤት ዶሮ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ጤፉ ይገባል። ባለወፍጮው "ድንጋይ አጣቢው" የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር።

ያን ቀን ሲያየኝ ዱቄት የለበሰ ቆቡን አወለቀ።

"እግዜር ያጥናህ" አለኝ። ከዚያ ፌስታሉን አየ። "አሁንማ ለማን ብለህ ነው?"

"ለእሷ።"

"ወንድሜ..."

"መጀመሪያ በቆሎው ይግባ።"

ከኋላዬ ስንዴ ያስቀመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። አንዷ "ወረፋችንን በዶሮ መኖ ሊጨርሰው ነው" አለች።

"ተይው፣ ሐዘንተኛ ነው" አለቻት ሌላዋ።

"እኔስ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ መቆሜ ሐዘን አይደለም?"

ሳቁ። ጥግ ላይ ከቁናቸው አጠገብ የተቀመጡ አንድ አሮጊት ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ የሞተ ሰው ሆዱን አያመውም" አሉኝ።

"አውቃለሁ እማማ። እኔን ግን ያመኛል።"

ባለወፍጮው ፌስታሉን ተቀበለኝ። በቆሎው ገባ።

እህቴ በአንበሳሜ አቅራቢያ መምህርት ነበረች፤ የጤፍ ዱቄቷን ከዚህ እልክላት ነበር። ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። "እታለም" እላታለሁ። እላት ነበር። ለዓመታት ሆዷ ይነፋል፣ ትከሳለች። አሜባ ነው ተባለ፣ ጃርዲያ ነው ተባለ፣ የሰው ዓይን ነው ተባለ። ጠበል ገብታ ከረመች። ከጠበል ስትመለስ እናቴ ትበርታ ብላ ምን ያበላቻት መሰላችሁ? ትኩስ የስንዴ ዳቦ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም በሽታሽ ስንዴ ነው አላት። ገብስም ዘመዱ ነው አላት። እንግዲህ ዳቦ የለም፣ በሶ የለም፣ የገብስ ቆሎ የለም። ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ አዘውትሪ አላት።

ከባሕር ዳር አብረን ስንመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ቆመ። ገበያ ነበር። ወርዳ የፎገራ ሩዝ ሸመተች።

"ጾሙስ?" አልኳት።

"ጾሙ ምን ሆነ?"

"ሐኪሙ እንቁላል ብሏላ።"

"በፍስክ እበላለሁ። ስንዴ ተዪ ሲለኝ እሰማዋለሁ። ጾም ተዪ ሲለኝ አልሰማውም።"

የነፍስ አባቷ እንኳ በሽተኛ ነሽና ብትበዪ አይፈረድብሽም ብለዋት ነበር። "አባቴ፣ ያመመኝ ስንዴ እንጂ ሽሮ አይደለም" አለቻቸው።

ሰው ሳቀባት። "ሁለት ጾም ያዘች፤ አንዱ የእግዜር፣ አንዱ የራሷ" አሉ። እሷ ግን ድንች በተልባ፣ ሩዝ በምስር፣ የጤፍ እንጀራ በሱፍ ፍትፍት እየበላች ጉንጯ ሞላ። አይቻለሁ። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳታጎድል ጾማ ለፋሲካ ያወጣችው ቀሚስ ጠቧት ነበር። ዚፑን የዘጋሁላት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሰው ስለሚዋሽ ነው።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት መጣች። ታይፎይድ ይዟት ትንሽ ከሳች። ታይፎይዱ ለቀቃት። መክሳቱ ግን አልለቀቃትም። ለምን እንደሆነ አላወቅንም። በጤፉ ውስጥ ምንም እንዳልገባ እኔ ምስክር ነኝ። ጥቅምት ላይ ሞተች።

ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ "እህል ጠልታ ነው የሞተችው" ሲሉ ሰማሁ። "የእግዜርን ዳቦ የገፋ ሰው..." አለ አንዱ፤ አልጨረሰውም። ተነስቼ መልስ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ቃል አጠረኝ፤ ሁልጊዜም ያጥረኛል። ለራሴ ግን ማልኩ። በተዝካሯ ቀን አንዲት የስንዴ ቅንጣት በግቢያችን አትገኝም። እሷ ልትበላው የማትችለው ማዕድ የእሷ ተዝካር ሊባል አይችልም።

ዱቄቱን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ድንች ትመርጣለች።

"የዳቦውስ ዱቄት?" አለችኝ።

"ዳቦ የለም። ስንዴ እዚህ ቤት አይገባም። ጠላውም በዳጉሳ ብቅል ነው የሚጠመቀው።"

"ካህናቱ ምን ይባርካሉ? ሰው ምን ይለናል?"

"ካህናቱ ያለውን ይባርካሉ። ሰው እንደሆነ ያለውን ብሏል።"

በእጇ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። ሳታየኝ ነው የተናገረችው።

"በፍልሰታ አጥንቷን አየሁና አላስቻለኝም። ሥጋ አትበላ፣ ወተት አትጠጣ። ሽሮዋ ላይ የተቆላ የስንዴ ዱቄት ጣል አደርግላት ነበር። ትበርታ ብዬ።"

"ስንት ቀን?"

"አንድ እፍኝ ናት ልጄ።"

"ስንት ቀን፣ እማዬ?"

"አልጋ ይዛ እስክትተኛ ድረስ።" በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። "'ሽሮሽ ዘንድሮ ጣፈጠ' ትለኝ ነበር።"

ወጣሁ። አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ በላይ የምሄድበት አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ድንጋይ ሳጥብ ስንዴው ከገዛ ምድጃችን ወጣ። ያ እፍኝ ነው የገደላት? አላውቅም። ሐኪም አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። እናቴን ለመጥላት ሞከርኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ስመለስ ድንቹን መላጥ ጀምራለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሌላ ቢላ አነሳሁ።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት።

ቢላዋን ሳታቆም ቀጣዩን ድንች አነሳች።

የተዝካሩ ዕለት ጸሎቱ አልቆ ማዕድ ሊቀርብ ሲል የእናቴ ታላቅ ወንድም ከይፋግ ደረሱ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ድፎ ዳቦ ይዘዋል። ሽታው ከዳቦው ቀድሞ ገባ። የግቢው በር ላይ ቆምኩ።

"እንኳን ደኅና መጡ አጎቴ። ይግቡ። ዳቦው ግን አይገባም።"

"ምን አልክ?"

"ስንዴ አይገባም።"

"ዳቦ የሌለው ተዝካር የት አገር ነው ያየኸው? አክስትህ ወገቧ እስኪቆረጥ ያቦካችውን ልትመልስ?"

"አክስቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ።"

"እህትህን የገደላት ይኸው ግትርነት ነው! አንተም ጀመርክ?"

የሽሮው ነገር አፌ ላይ ነበር። ብናገረው ሁሉም ዝም ይል ነበር። እናቴ ግን ከኋላዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። "አይገባም" አልኩ ደግሜ። የነበረኝ ቃል እሱ ብቻ ነው።

እናቴ በክንዴ ሥር አልፋ ወጣች።

"ጋሼ፣ ልጄ እህል አልጠላችም" አለች። ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ያለው ሁሉ ሰማ። "እንጀራዋን በልታ፣ ጾሟን ጾማ፣ ደኅና ነበረች። ስንዴ ደብቄ ያበላኋት እኔ ነኝ። የሚልህን ስማው።"

የእህቴ የነፍስ አባት መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። "ዳቦው ውጭ ላሉት ነዳያን ይሰጥ" አሉ። "እዚህ የቀረበውን እኔ እባርካለሁ።" ባረኩትም፤ የጤፍ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ድንቹን፣ የሩዝ ቂጣውን። አጎቴ ዳቦውን ራሳቸው ቆርሰው አድለው ተመለሱ። እጃቸውን ታጠቡ። ከእኛው ማዕድ ቀርበው በሉ።

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ግራና ቀኝ ሲንሾካሾኩ አያለሁ። ትናንት "እህል ጠልታ" ነበር፤ ነገ ደግሞ "እናቷ ናት" ሊሆን ነው። ይበሉ። እኔ ግን ስንዴ አልበላም። አላመመኝም፣ ሐኪምም አልከለከለኝም። ምን ሆነህ ለሚለኝ ምንም አልሆንኩም ነው መልሴ።

ያን ቀን ሰው ሁሉ በልቶ እስኪወጣ አልተቀመጥኩም። የወጡን ጭልፋ ይዤ ከእናቴ ጎን ቆምኩ። አንድ ነገር ሊላት ጎንበስ ያለ ሁሉ ቀና ሲል የሚያየው እኔን ነው። እኔም ዓይኑን እያየሁ "ሽሮ ልጨምር?" እለዋለሁ።