የእትዬ የሻረግ ክዳን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ በጋዜጣም አልወጣም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መምህራችን «ቱሪዝም ያረጀ ሰፈርን እንዴት ያድናል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሌላው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እኔ አላወጣሁም። ዓይኔ ላይ የመጣው የአክስቴ የእትዬ የሻረግ ቤት ነበር።

ነገሩ ሲሆን ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እትዬ የሚኖሩት በደብረ ታቦር አሮጌው ሰፈር፣ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ፣ ቆርቆሮ በለበሰ ክብ ቤት ነው። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወደ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ብዙው ቤት ፈራርሷል። እሳቸው ግን የተወለዱበትን ቤት ጥለው መሄድ አልፈለጉም።

በዚያ ዓመት በሰፈሩ የቱሪዝም ማኅበር ተቋቋመ። «ቤትዎ የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ግን ተነሥቶ እንደ ጥንቱ ሳር ይልበስ» አሏቸው። እትዬም ሰፈሩ ሰው ካገኘ ብለው እሺ አሉ። የክዳን ሳር የሚታጨደው በኅዳር ነው። የማኅበሩ ሰዎች ግን ቸኩለው፣ በግንቦት ከየግቢው የተረፈ፣ ከብት የረገጠው ሳር ለቃቅመው ከደኑት። የወረደውን ቆርቆሮ ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሄ ለላማቸው በረት ወሰዱት።

«የሻረግ፣ ዓለም ወደ ቆርቆሮ፣ አንቺ ወደ ሳር! ለከርሞ ዋሻ ልትገቢ ነው?» ብለው አሾፉ።

«ዝም በል ሙሄ! ፈረንጅ ሲመጣ የሚሸጥ ጨርቅ ይዘህ በራፌ ላይ ነው የምትቆም።»

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ወረደ። ሮጬ እትዬ ቤት ስገባ ሳሩ እንደ ወንፊት ያፈሳል፤ ቤቱን የእርጥብ ጭቃ ሽታ ሞልቶታል። የኋላው ግድግዳ ሆድ አውጥቷል።

«እትዬ፣ ይውጡ!»

«እኔ ከወጣሁ፣ ባዶ ነኝ ብሎ ይወድቃል።»

ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆመዋል። አንድ ድንጋይ እግራቸው ሥር ዱብ አለ።

ጮህኩ። ጋሽ ሙሄ መጡ፤ አዩና ወዲያው ተመለሱ። ትተውን የሄዱ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ከልጆቻቸው ጋር የበረታቸውን ምሰሶና ቆርቆሮ ተሸክመው ደረሱ። ግድግዳውን ከውጭ ደገፉት፤ ቆርቆሮውን በሳሩ ላይ አነጠፉት። እኔ ንፋስ እንዳይወስደው የሚጫንበትን ድንጋይ አቀብል ነበር። ላማቸውን ግቢያቸው መሐል በረዶው ይደበድባታል።

በማግሥቱ የማኅበሩ ሰብሳቢ መጡ። «ለቡሄ እንግዶች አሉን። ቆርቆሮው ካልተነሣ ቤትዎን እንሰርዛለን» አሉ።

«ሰርዙት» አሉ እትዬ። «እንግዳው ለአንድ ቀን ነው፤ እኔ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ነኝ።»

ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ በዘነበ ቁጥር እየሄድኩ ያን ግድግዳ በእጄ እነካ ነበር።

ቱሪዝም መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ሰፈራችን እንግዳ ያስፈልገዋል። መምህሬ ዳግመኛ ከጠየቁኝ ግን፣ መጀመሪያ ምክር የሚጠየቀው ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ሰው ይሁን እላለሁ።

ግድግዳው ደርቆ፣ ጋሽ ሙሄ ድጋፉን ሲነቅሉ እትዬ አጠገቡ ቆመው ያዩት፣ ቤቱም በራሱ የቆመው ጥቅምት ዐሥራ ስምንት ቀን ነበር።