አሥራ ሁለተኛው ቤት

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ የጆንያ መጋዘን ነበር አሉ። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ገፋ ሲያደርገኝ ከሁሉ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። አቧራና የቡና ገለባ፣ ከሥሩ ደግሞ የሽንት ባልዲ። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ በቃ። ሁለት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነኝ፤ ጣቶቼ በቀለም እርሳስ አረንጓዴ ሆነዋል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰዓት ፈርቻለሁ፣ ግን ትንሽ ኮርቼም ነበር። በካርታ የታሰረች ተማሪ!

በሩ አጠገብ ያለችው ወፈር ያለች ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከገበያው ጀርባ አረቄ ሻጭ ናት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሰርቀሽ ነው?»

«አልሰረቅኩም እትዬ። በካርታ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ ቁማር!»

«የመሬት ካርታ ነው እትዬ።»

«እሱስ ይብሳል» አለችና ሳቀች።

ሁለተኛዋ ሴት አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። አወቅኋት። ኩራቴ እዚያው አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ሁለት ካርታዎች ነበሩት። አንዱ በጣሊያን ጊዜ የተነሣ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በሙጫ የተጠገነ፤ ሌላው ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ የተሠራ አዲስ። አሮጌውን በካሬ በካሬ እያሰመርን ልኩን ካስተካከልን በኋላ ስስ ወረቀት ላይ እንገለብጠዋለን። ወረቀቱን እስኪያሳይ ድረስ ዘይት እንቀባዋለን። ከዚያ ከአዲሱ ጋር ደርበን የመስኮቱ መስታወት ላይ እንለጥፋለን። ፀሐይ ከኋላ ስትመታው አባቶቻችን ያዩት አገርና እኛ የምናየው አገር አንድ ላይ ይታያሉ። እንዴት ደስ እንደሚል! በእረፍት ሰዓት እንኳ ከመስኮቱ አልርቅም ነበር።

ወንዙ ገጠመ። የኮረብቶቹም መስመር ገጠመ ማለት ይቻላል። ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ በስተግራ ያለው አንድ ጉብታ ግን እምቢ አለ። አሮጌው ካርታ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፣ ቤቶች ናቸው፤ መሃላቸው ክብ የዛፍ ምልክት። አዲሱ ላይ አንድም ቤት የለም። ቀጥ ያለ ወሰንና የቡና እርሻ ብቻ።

«ቲቸር፣ ቤቶቹ የት ሄዱ?» አልኩት።

«ያንን ካርታ አይነግርሽም። ሄደሽ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። የነገረሽን ሰው ስም ደግሞ ጻፊ። ምንጩ ያልተጻፈ ነገር ወሬ ነው።»

ጎረቤቶቻችን ጌዴኦዎች ስለሆኑ ቋንቋውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። በቡናው መሃል ይዛኝ የዞረችው ይቺው እስር ክፍሉ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ናት። ጣሊያን ሲመጣ ልጅ ነበረች። ከቤቶቹ አንድ እንጨት የቀረ የለም፣ እሷ ግን እያንዳንዱን በቡናው ታውቀዋለች። «ይህቺ እግር ቡና ከጎረቤቷ እንዴት እንደፋፋች አየሽ?» ትለኛለች። «ከሥሯ የሰው ጓሮ አለ። የስንት ዓመት አመድና ፍግ ነው የምትበላው።» እውነትም በእንጨት ጫር ስናደርገው አፈሩ ጥቁር ነው። ክቡ የዛፍ ምልክት ሶንጎው ነበር፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቦታ። አሁን የባለርስቱ ቡና ማስጫ ሆኗል። መሬቱ በቃላድ ገመድ ሲለካ ጉብታው በሙሉ በአንድ ሰው ስም ገባ፤ ሰዎቹ ወደ ገደሉ አፋፍ ወርደው ጭሰኛ ሆኑ። አሥራ አንድ ቤት ቆጠረችልኝ።

ሁሉንም ትልቅ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ቤቶቹን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ማን እንደኖረበትም ጻፍኩ። ከግርጌው በጣም በሚያምረው ጽሕፈቴ «ነጋሪ» ብዬ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ መንደራቸውን።

በወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰውዬ ፊቱ ቆመው ከላይ እስከ ግርጌ አነበቡት። ዞር ብለው «ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እጅ ነሣሁ። የጉብታው ባለርስት ግራዝማች እሳቸው መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያው ሳምንት መምህሩን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። ሴትዮዋን ሰኞ ያዟት፤ እኔን ማክሰኞ።

አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁ። «እማማ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት በቋንቋዋ። ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

አረቄ ሻጯ ነገሩን ቀስ በቀስ አውጣጣችኝ። ሲገባት እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «በጽሑፍ አሳሰርሻት በይኛ! እኔ ያልተማርኩት እንኳ፣ እነማን ጠጡ ሲሉኝ የጠጪ ስም አላወጣም። ከነባሏ ስም? ከነመንደሯ?»

«መምህሩ ጻፊ ስላለኝ…»

«እሱ ቢልሽስ? ጎረቤትሽ ብትሆን ትጽፊያት ነበር?»

አንገቴን ደፍቼ የሴትዮዋን ቆሎ በላሁ። እዚህም ላይ የማንንም ስም የማልጽፈው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

በሦስተኛው ቀን እኔና ሴትዮዋ የጣቢያው መቶ አለቃ ፊት ቀረብን። ካርታዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አንዱን ጫፍ የቀለም ጠርሙስ፣ ሌላውን ቆቡ ይዞታል። አስተርጓሚው ለቅሶ ሄዷል።

«ቋንቋቸውን ትችያለሽ አይደል? አንቺው አስተርጉሚ» አለኝ መቶ አለቃው። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው። «ሰው ተነቅሏል ብላ የነገረችሽ እሷ መሆኗን ጠይቂልኝ። አልነገርኳትም ካለች፣ ልጅቱ ከራሷ የፈጠረችው ነው ብዬ ፋይሉን እዘጋለሁ፣ ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ። ነግሬአታለሁ ካለች ግን ጭሰኛ በባለርስት ላይ ማነሣሣት ነው። ከኔ እጅ ይወጣል።»

ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ተረጋግታ መለሰች። ነግሬሻለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ የተወለድኩት አራተኛው ቤት ውስጥ ነው አለች።

ወደ መቶ አለቃው ዞርኩ። «አልነገርኳትም ትላለች። አታውቀኝም።»

ለሷ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ቤቴን ፈልጌ ነበር፣ አልጋዬን፣ እናቴን።

ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«አይ» አለች ሴትዮዋ በአማርኛ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። የምታየው እኔን ነበር። «አንተ ልክ አልተናገርክም። እኔ ነግሬአለሁ። አንተ ጽፈሃል። ውሸት የለም።»

መቶ አለቃው እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። «ሴትዮ፣ ያልሽው ነገር ገብቶሻል?»

«ገብቷል።»

«እንግዲህ እንደገና» አለኝ። «አሁን ግን እንዳለችው።»

እንዳለችው አስተረጎምኩ። ሁለቴ «ጮክ በይ» ተባልኩ። እሱም ጻፈ፤ የቤቶቹንም ዝርዝር ከካርታዬ ላይ ገለበጠ። ሲጨርስ የማኅተሙን ቀለም ለጣቷ አስጠጋላት። እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«አንብብ» አለችው።

ወረቀቱን ለኔ ሰጠኝ። እያነበብኩ ወደ ቋንቋዋ መለስኩላት። አንደኛው ቤት፣ ማን እንደኖረበት። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ጣቶቿን እያጠፈች ትሰማለች። አሥራ አንድ ላይ ስቆም አንድ ጣት ጨምራ አጠፈች።

«አሥራ ሁለት ነው» አለችኝ በቋንቋዋ። «ከምንጩ በታች የአንዲት መበለት ጎጆ ነበረች። ትንሽ ስለሆነች አንቺን ይዤ ስዞር ዘነጋኋት። እዚህ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ነው ያስታወስኳት። ይጻፍ በይው።»

ነገርኩት።

«አሥራ አንድ ሆነ አሥራ ሁለት፣ ለሷ ምን ይፈይድላታል?» አለ።

አልጠበቀችኝም። «ሰው ኖሯል» አለችው በአማርኛ።

ብዕሩን አነሣ። ከዚያ በሁለት መስመር መካከል፣ በደቃቃ ጽሕፈት አስገባው። አስነበበችኝ። ከዚያ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ ሳትቸኩል፣ እንዳይጨማለቅ ተጠንቅቃ።

እኔ በዘጠነኛው ቀን ወጣሁ። ዋስ ይቅረብ፣ ዋሱም መሬት ያለው ሰው ይሁን ተባለ፤ አባቴ ወዳጁን ይዞ መጣ። የሷ ሰዎች ግን ሁሉም ጭሰኞች ናቸው። ስሜ ሲጠራ ዩኒፎርሜን ከኋላ አራገፈችልኝ፤ ገለባ ነበረበት። አረቄ ሻጯ «ሂጂ እንግዲህ፣ በዚያ ጽሕፈትሽ ከአሁን ወዲያ ደብዳቤ ብቻ ጻፊበት» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። እሷ የተፈታችው የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ ነው ብለው ነግረውኛል፤ የዓመቱን ለቀማ ልጆቿ ብቻቸውን ተወጡት። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ድርሰት ላይ ክፍሉን እመራለሁ። መጻፍ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም ስጽፍ ደስ ብሎኛል፣ እሱ ራሱ ያሳፍረኛል።

ይርጋጨፌ የሚሄደው አውቶቡስ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ከጉብታው ሥር ለመውረድ ሰዓትም አይፈጅም። እዚህ ላይ «በሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። የምትቆጣ ቢሆን እስካሁን ሄጄ ነበር። የምፈራው ደጅ ወጥታ በደስታ ትቀበለኛለች ብዬ ነው።