ከመዝገቡ የሰረዝኳት አምድ

መተማ ወረዳ፣ ሸሕዲ ከተማ ሥራ የጀመርኩ ዕለት በዚያ ሐሩር ኮትና ከረባት ለብሼ ነበር። የክሊኒኩ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ትርንጎ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ለሠርግ ነው ለልቅሶ የመጡት?» አለችኝ።

«ሲስተም ልዘረጋ ነው» አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ።

ሥራዬ የበሽተኞችን የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር መቀየር ነው። አስተባባሪው እኔ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው እኔ፣ አሠልጣኙም እኔ። ስሳሳት ማን ይቆጣኝ?

መዝገቡ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ይላል። ትርንጎ ዳር ላይ በእጇ አስምራ አንድ አምድ ጨምራለች፦ «የመጣበት አገር፣ አብሮት ያለ ሰው፣ ስልክ»። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ነው።

«ይሄ በቅጹ የለም» አልኳት።

«ቅጹ መች ያውቃቸዋል ጋሼ? ወባ የጣለው ሰው ስሙም ይጠፋዋል። ጓደኛው ነው የሚነግረኝ።»

ኃላፊያችን «አጨዳ ሳይገባ ጨርስ» እያለ ያጣድፈኛል። አምዷን ሰረዝኳት። ቀበሌውን ከዝርዝር የሚመረጥ አደረግሁት፤ በዝርዝሩ ያስገባሁት የወረዳውን ቀበሌዎች ብቻ። ባዶ ከተተወም አያሳልፍም። ብልጠት ጨምሬም የወረቀት መዝገቡን ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍኩት።

በአጨዳው መካከል ሁለት ልጆች ጓደኛቸውን ሞላን አምጥተው አስመዘገቡና ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል። በማግሥቱ ሐኪሙ «ዘመዱ ይጠራ፣ ቶሎ» አለ። ኮምፒውተሩን በኩራት ከፈትኩ፤ ሞላን የመተማ ዮሐንስ ሰው ነው አለኝ።

«የጎጃም ልጅ ነው» አለች ትርንጎ። «ጓደኞቹ አገሩንም ስልክም ነግረውኝ ነበር። የት ልጻፈው? ባዶውን አላሳልፍ ሲለኝ ከዝርዝሩ ያገኘሁትን ቀበሌ መረጥኩ። ያን ቀን ሰዉ በር ድረስ ተሰልፏል፤ አልያዝኩትም።»

ጓደኞቹን ፍለጋ በጭነት መኪና ከእርሻ እርሻ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው። የወንድሙን ስልክ በቃላቸው ነገሩኝ።

ወንድሙ የደረሰው ሞላ በተቀበረ ማግሥት ነው። የካርድ ክፍሉን በር ይዞ ቆመ።

«እናቴ ‹ምን ብሎ ሞተ?› ብላ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

እኔ ጅሉ ስለ ቀበሌው ዝርዝር ማስረዳት ጀመርኩ። ትርንጎ ክንዴን ይዛ ዝም አሰኘችኝ። «እኔ ነበርሁ አጠገቡ» አለችው፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

አምዷን በማግሥቱ መለስኳት። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ለሙያው ልጆች የምለው ይሄው ነው፦ ሠራተኛ በእጁ የጨመረውን አምድ ለምን እንደጨመረው ሳታውቁ አትሰርዙ። እኔ እንኳ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። ትርንጎ ነግራኝ ነበር።