ካኪው እንዲገባኝ የጠጣሁት ኮሶ

ሰው በሳምንት ውስጥ ሊከሳ ይችላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይችላል እላችኋለሁ። እኔ ከስቻለሁ። ዳግመኛ ግን ማንም አያከሳኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቆቦ ላይ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ አውጪ ነበርኩ፤ እኔ አወጣለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበሉኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ድምፄ ግን ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። በእኛ በራያ ቆላ ደግሞ ሴት ልጅ ሞላ ስትል ያምርባታል። እናቴም ወተትና ቅቤ ሳትሰስት ነው ያሳደገችኝ፤ ሞላ ብያለሁ።

ለአብዮቱ በዓል ካኪ ቀሚስ ከአውራጃ ተሰፍቶ መጣልን፣ ለሁላችንም በአንድ ልክ። የእኔ ዳሌዬ ላይ ደርሶ ቆመ። የቡድኑ ኃላፊ፣ አንድ ቀጭን ካድሬ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጓዲት፣ በዓሉ አስራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ወይ ትገቢበታለሽ፣ ወይ ሌላ አውጪ እንፈልጋለን» አለኝ።

ለምን ቀሚሱን አታሰፉልኝም ማለት ያኔ አልመጣልኝም። ዘፈኔን ልቀማ ነው፣ ይኸው ብቻ ነው የታየኝ።

የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሄጄ የእህል ሚዛን ላይ ወጣሁ። ጠባቂው ሽማግሌ ሚዛኑን አስተካክሎ «ከአንድ ኩንታል ማሽላ ታንሻለሽ። ደግነቱ አንቺን ነቀዝ አይበላሽም» አለኝ።

ከዚያ ወደ ኮሶ ሄድኩ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ሁሉ ኮሶን ያውቀዋል፤ በየሁለት ወሩ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ትሉን ያወጣል፣ የጠጣውም ሰው ቀለል ይለዋል። መቅለል ከሆነ ደጋግሜ ብጠጣው ይበልጥ እቀል የለ? ከደጋ ወርደው ከሚሸጡት ሴቶች ገዝቼ በሳምንት ሦስቴ ጠጣሁት። በመሃሉ ከሎሚ ውሃ በቀር አልቀመስኩም።

«ለምን አትበይም?» ትለኛለች እናቴ።

«ጾም ነው እማ።»

«የማን ጾም? ዛሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላል።»

በሰባተኛው ቀን ቀሚሱ ገባልኝ። ቁልፉም ተቆለፈ። ልምምድ ላይ ግን ላወጣ አፌን ስከፍት ድምፅ የለም። የከበሮ መቺው ፊት ብዥ አለብኝ፣ ቀጥሎ የማስታውሰው የመሬቱን አቧራ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ስነቃ ድሬሰሩ ክንዴን ይዞ ቆሟል፤ እናቴ እግሬ ሥር ተቀምጣለች።

«ኮሶውን ስንቴ ጠጣሽ?» አለኝ።

«ሦስቴ።»

«በስንት ቀን?»

«በሳምንት።»

እጄን ለቀቀው። «የወጣው ውሃሽና ጉልበትሽ ነው። ስብ እንዲህ በአንዴ አይሄድም፤ ሁለት ቀን ስትበዪ ስትጠጪ ሚዛኑ ይመለሳል። ዓይንሽ ግን ላይመለስ ይችል ነበር፣ ኮሶ ሲበዛ ያሳውራል። መክሳት ካማረሽ እየበላሽ፣ ቀስ እያልሽ፣ በወራት ነው።»

«አላማረኝም» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የገባኝ። እኔ መቼ አማረኝ?

«በክፉ ቀን ሰው በሳምንት ሲከሳ አይቻለሁ» አለች እናቴ። «የቀበርኳቸውን አውቃለሁ። ወዶ የሚከሳ ግን አንቺን አየሁ።»

ቤት እንደገባን ቀሚሱን ከሁለቱም ጎን በምላጭ ተረተረችው። ከብብት እስከ ታች ነጭ አቡጀዲ አስገብታ ሰፋችው።

«ካኪ ጠፋ እማ?»

«አልፈለግኩም። ይታይ ብዬ ነው።»

በቀሩት ቀናት በላሁ። ገንፎውን በቅቤ፣ እርጎውን በቅል። ዳሌዬም ተመለሰ፣ ድምፄም ተመለሰ።

የበዓሉ ቀን ካድሬው ሰልፉን ሲያይ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

ያኔ ለካድሬ አይመለስም። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። «እሱ እኔ ነኝ ጓድ» አልኩት፣ «ልክ ሲወስዱ የረሱት።»

ከኋላዬ ልጃገረዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እሱም ከወደቅኩ ጀምሮ ሌላ አውጪ ሲፈልግ ሰንብቶ አላገኘም፤ ከበሮው ተመትቷል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል። ወደ ቀጣይዋ አለፈ።

አወጣሁ። ትንፋሼን በሳብኩ ቁጥር ነጩ አቡጀዲ በሁለቱም ጎን ይሰፋል፣ ከሩቅም ይታያል። ያን ቀሚስ ለብሼ በአጎራባች ከተሞች፣ ሮቢትም ዋጃም ዘፍኛለሁ፤ ማንም ጥበቢልን ያለኝ የለም።